170 ማይል በምጥ፦ አንድ የቴክሳስ ሐኪም ከድንገተኛ ሕክምና ሕጉ ጋር የተፋጠጠበት ጉዳይ

ቪክቶሪያ በደቡብ ቴክሳስ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1986 ዲሴምበር 5 ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ዲታር ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገባች። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ስድስተኛ ልጇ ነው። ወሯ ገብቷል። የእንሽርት ውሃዋ ፈስሷል። ምጡ በየሦስት ደቂቃው እየመጣ አንድ አንድ ደቂቃ ይይዛታል። ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነርሶች ተቀብለው የደም ግፊቷን ለኩ። 210 በ130 ሆኖ አገኙት።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለጤና ባለሙያ መንገር አያስፈልግም። ለሌላው አንባቢ ግን ልበል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ግፊት 160 በ110 ሲደርስ እንኳ ሐኪሞች አፋጣኝ ሕክምና ይጀምራሉ። ከዚያ በላይ ሲወጣ እናቲቱ ልትንቀጠቀጥና ራሷን ልትስት ትችላለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። የእንግዴ ልጁ ከቦታው ያለጊዜው ሊላቀቅ፣ ሕፃኑም ደምና ኦክስጅን ሊያጣ ይችላል።

ሴትዮዋ በእርግዝናዋ ወቅት ክትትል አላደረገችም። የራሴ የምትለው ሐኪም የላትም። የምትከፍለው ገንዘብም የላትም። ሆስፒታሉ የራሳቸው ሐኪም የሌላቸው ወላዶች ሲመጡ የሚጠራቸው ሐኪሞች ተራ ነበረው። በዚያ ቀን ተረኛው የሆስፒታሉ የማሕፀንና ጽንስ ክፍል ኃላፊ ነበር። ልምድ ያለው ሰው ነው። ነርሷ ደውላ ሁኔታውን አስረዳችው።

መልሱ በፍርድ ቤት መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ይህችን ሴት ማከም አልፈልግም አለ። ጋልቨስተን ወደሚገኘው ጆን ሲሊ ሆስፒታል ለመላክ እንድታዘጋጃት ነገራት። ጋልቨስተን ከቪክቶሪያ 170 ማይል ይርቃል። በእኛ መለኪያ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአምቡላንስ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስድ መንገድ ነው።

ነርሷ እሺ ብላ ዝም አላለችም። ለተቆጣጣሪዋ ነገረች። ሁለቱም መላኩ አደገኛ እንደሆነ ተስማሙና ጉዳዩ ወደ አስተዳዳሪው ወጣ። አስተዳዳሪው ቁርጡን ተናገረ። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ሳያያት፣ ጆን ሲሊም እንደሚቀበላት ሳይረጋገጥ መላክ አይቻልም። የሆስፒታሉም መመሪያ፣ የፌዴራሉም ሕግ ይከለክላል። እስከዚያው ነርሷ መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር ልጀምርላት ወይ ብላ ጠየቀች። የተሰጣት ፈቃድ ግን ሴትዮዋ በአምቡላንስ መሄድ የምትችል ከሆነ ብቻ እንድትጀምር የሚል ነበር።

ለ11 ሰዓት 10 ጉዳይ ሲሆን ሐኪሙ መጣ። ግፊቷን ራሱ ለካ። በሙያ ዘመኑ ካያቸው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የሕፃኑን ክብደት 6 ፓውንድ፣ ማለትም 2.7 ኪሎ ገደማ ብሎ ገመተ፤ ለቀኑ ያነሰ ነው ብሎም አሰበ። ጆን ሲሊ ደካማ ሕፃናትን ለመንከባከብ የተሻለ መሣሪያ ነበረው። ደወለና እዚያ ያለውን ተቀባይ ሐኪም አነጋገረ። ተቀባዩም ማግኒዥየሙ ተጀምሮላት በመኪና እንድትላክ ተስማማ።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ያየ ሰው ሐኪሙ በቂ ምክንያት ነበረው ሊል ይችላል። ቀጥሎ የሆነው ነው ነገሩን የለወጠው።

በ11 ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዋ ሆስፒታሉ ስለ አዲሱ ሕግ ያወጣውን መመሪያ አቀረበችለት። ሊያነበው አልፈለገም። በሕክምና ስህተት ክስ በኩል ይህች ሴት ልሸከም ከምፈልገው በላይ ስጋት ናት አላት። የማዘዋወሪያ ቅጹ ካልተፈረመ መላክ እንደማይቻል ነገረችው። በብስጭት ወረቀቱን አምጪ አለ። ቅጹ እንዲህ የሚል ሐሳብ ነበረው፦ ታካሚዋን መርምሬያለሁ፤ በሌላ ተቋም የምታገኘው ሕክምና የሚሰጣት ጥቅም መጓጓዙ ከሚያመጣባት አደጋ ይበልጣል ብዬ ወስኛለሁ፤ ምክንያቴም የሚከተለው ነው። ከሥሩ መጻፊያ ባዶ ቦታ አለ። ሐኪሙ ባዶውን ባዶ ትቶ ፈረመ። አክሎም ሆስፒታሉ የሙያ ኢንሹራንሴን እስኪከፍልልኝ ድረስ የማክመውን የምመርጠው እኔ ነኝ አላት።

ከዚያ ሌላ ወላድ ለማየት ሄደ። ከ11፡30 እስከ 12፡18 በነርሶች ጠረጴዛ አካባቢ ነበር። ስለ መላኪያው ደጋግሞ ጠየቀ። ስለ ሴትዮዋ ሁኔታ ግን አንዴም አልጠየቀም፤ ተመልሶም አላያትም። በ12፡22 ሁለተኛዋን ወላድ አዋለደ። አምቡላንሱ ሲመጣ አብራት የምትሄደው ነርስ ያየችውን ነገረችው። በእሷ ቃል ብቻ ተመርኩዞ ሁኔታዋ አልተለወጠም አለ። በአልጋ ተገፍታ ወደ አምቡላንሱ ስትወጣ በዓይኑ አይቷታል። ለመንገዱ መድኃኒትም ሆነ ሕይወት ማቆያ መሣሪያ አላዘዘም።

40 ማይል እንደተጓዙ ሕፃኑ አምቡላንሱ ውስጥ ተወለደ። ያዋለደችው ነርሷ ናት። እናቲቱ ደም ይፈሳት ጀመር። ነርሷ ሾፌሩን ጋናዶ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሆስፒታል አስገብታው ደም የሚያቆመውን ፒቶሲን ፈለገች። ከዚያው ወደ ሐኪሙ ደወለች። ተወልዷል ብትለውም ወደ ጋልቨስተን ቀጥሉ አለ። እናቲቱ ግን መመለስ ፈለገች፤ ነርሷም ይዛት ወደ ዲታር ተመለሰች። ሐኪሙ ትዕዛዜ አልተፈጸመም ብሎ ሊያያት አልፈቀደም። ደሟ ብዙ የማይፈስ ከሆነና ከተረጋጋች ትሂድ አለ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ጫና ሲያደርጉበት ጉዳዩ ለሌላ ሐኪም ተላለፈ። ሴትዮዋ ሦስት ቀን ተኝታ በደህና ወጣች። ሕፃኑም ጤነኛ ነበር።

እናትና ልጅ በሰላም ከወጡ ታዲያ ክሱ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ሕጉ ለምን እንደወጣ ማየት ያስፈልጋል።

ከ1986 በፊት በአሜሪካ አንድ የግል ሆስፒታል በሩ ላይ የመጣን ሰው ሁሉ የማከም አጠቃላይ የፌዴራል ግዴታ አልነበረበትም። በአንዳንድ ግዛቶች ሕግና ፍርድ ቤቶች ግዴታውን ጀማምረውት ነበር። በፌዴራል እርዳታ የተገነቡ ሆስፒታሎችም የተወሰነ ግዴታ ነበረባቸው፤ አፈጻጸሙ ግን ደካማ ነበር። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሲመጣ አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይላካል። የቺካጎው ኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ከሌሎች ሆስፒታሎች የተላኩላቸውን 467 ታካሚዎች መርምረው በ1986 መጀመሪያ ላይ ውጤቱን አሳተሙ። 87 በመቶው የተላኩት በቂ ኢንሹራንስ ስለሌላቸው ነበር። 24 በመቶው ሁኔታቸው ሳይረጋጋ ነው የደረሱት። ለመዘዋወራቸው በጽሑፍ ፈቃድ የሰጡት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የመጨረሻው ቁጥር እኔን ከሌላው ይበልጥ ያስቆጨኛል። ከመቶ ዘጠና አራቱ ሰዎች ሕይወታቸውን የሚመለከት ጉዞ ሲወሰንባቸው ፈቃዳቸው በወረቀት አልተያዘም።

ፕሬዚዳንት ሬገን ሕጉን በኤፕሪል 1986 ፈረሙ። ከኦገስት 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ኤምታላ ይባላል፤ በሆስፒታል የሚሠሩ ወገኖቻችን በዚሁ ስም ያውቁታል። ይዘቱ አጭር ነው። ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ሁሉ ተገቢ ምርመራ ይደረግለት። ድንገተኛ ሕመም ካለበት ወይም ምጥ ላይ ከሆነች ሁኔታው እስኪረጋጋ ይታከም። ሳይረጋጋ መላክ ካለበት ደግሞ ሐኪም ጥቅሙን ከአደጋው መዝኖ በፊርማው ያረጋግጥ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ይስማማ፤ ብቁ ባለሙያና አስፈላጊው መሣሪያ አብሮት ይሂድ። ታካሚው ራሱ አደጋው ተነግሮት ልሂድ ካለም መላክ ይቻላል። ዜግነት፣ መኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ምርመራውንና ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም።

መንግሥት ይህን ማስገደድ የቻለው በሜዲኬር በኩል ነው። ሕጉ የሚይዘው ከአረጋውያኑ የጤና ኢንሹራንስ ከሜዲኬር ክፍያ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችን ነው። አብዛኞቹ ያለዚያ ገንዘብ አይኖሩም። ስለዚህ በወረቀት በፈቃደኝነት ነው፤ በተግባር ሁሉንም ይይዛል።

ሴትዮዋ ዲታር የገባችው ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ከአራት ወር በኋላ ነው። ሆስፒታሉ መመሪያና ቅጽ አዘጋጅቷል። አስተዳዳሪው ሕጉን ያውቃል። ነርሶቹ ያውቃሉ። ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን የነበረው ሰው ግን መመሪያውን አላነብም አለ።

የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሐኪሙን በገንዘብ ለመቅጣት ጉዳዩን ያዘው። የአስተዳደር ዳኛው 20,000 ዶላር ፈረደበት። የመሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ቦርድም አጸናው። ሐኪሙ አልቀበልም ብሎ ወደ አምስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርዱ በጁላይ 1991 ተሰጠ። ሐኪሙ ቡርዲት በመንግሥት ላይ ባቀረበው ይግባኝ ስም ይታወቃል። ስለ ኤምታላ የሚማር የሕግ ተማሪ ሁሉ ሳያነበው አያልፍም።

ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የያዘው ጥያቄ ሕፃኑ በደህና መወለዱ ለሐኪሙ መከላከያ ይሆናል ወይ የሚለውን የሚዘጋ ነው። የሚመዘነው ሐኪሙ ሲወስን የሚያውቀው ነገር ነው። በ210 በ130 ግፊት ምጥ ላይ ያለች ሴት ድንገተኛ ሕመም አላት። አልተረጋጋችም። ሕጉ በዚያ ጊዜ ስለ ምጥ ሲያስቀምጥ ከመውለዷ በፊት በሰላም ለማድረስ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ፣ ወይም ጉዞው ለእናቲቱ ወይም ለጽንሱ ስጋት የሚያመጣ ከሆነ ይላል። ሐኪሙ ልጁ መንገድ ላይ አይወለድም ብዬ ገምቻለሁ ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ግፊቷ ብቻውን ጉዞውን አስጊ ያደርገዋል አለ።

አብራት የተላከችው ነርስ ነገርም ተነሣ። ሐኪሙ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ልኬላታለሁ አለ። ነርሷ ጎበዝ ናት፤ ያንን በሥራዋ አሳይታለች። ግን የእንግዴ ልጁ ቢላቀቅ ወይም ሕፃኑ ቢታፈን ኦፕራሲዮን ማድረግ አትችልም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ብቁነት የሚለካው በዚያች ታካሚ ላይ ሊደርስ በሚችለው ነገር ነው አለ። መሣሪያ የሚለውንም አሰፋው፤ ለዚያች ታካሚ ለጉዞ በሕክምና የሚያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ይጨምራል። ይህ ዛሬም ለሪፈር ክፍሎች ትልቅ ነጥብ ነው። አምቡላንስ ጠርቶ ማሳፈር በቂ አይደለም። ማን እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚጫን መወሰን የላኪው ሐኪም ሥራ ነው።

ስለ ፊርማው የተባለውን ግን ከሁሉ በላይ ማንም የጤና ባለሙያ እንዲያነበው እመኛለሁ። ሐኪሙ ቅጹ ተፈርሟል፤ ሕጉ የሚለው ፊርማ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር መለሰለት። አንደኛ፣ የሚፈርመው ሰው ጥቅሙንና አደጋውን በእውነት ካልመዘነ ፊርማው ሕጉን አያሟላም። ሁለተኛ፣ ቢመዝን እንኳ ሌላ ተገቢ ያልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ክስ መፍራት ወይም ገንዘብ፣ ውሳኔውን በከፍተኛ ደረጃ ከነካው ያም ጥሰት ነው። ሐኪሙ ለተቆጣጣሪዋ የተናገራቸው ቃላት እዚህ ላይ ያዙት። ባዶ የተተወው የምክንያት ቦታም ብዙ ተናገረ።

ሐኪሙ የመጨረሻ ክርክሩ ሕገ መንግሥታዊ ነበር። መንግሥት ያለ ክፍያ ሥሩ ብሎኛል፤ ይህ ንብረቴን ያለ ካሳ መውሰድ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ መልሱን በሆስፒታሉ በኩል ሰጠ። ሆስፒታሉ ሜዲኬር ውስጥ የገባው ወድዶ ነው። የሕጉን ወጪ አስልቶ መቆየት ወይም መውጣት የእሱ ፈንታ ነው። ሐኪሙም ከሆስፒታሉ ጋር ስለ ተረኝነቱ መደራደር ይችላል፤ ሌላ ቦታ መሥራትም ይችላል። የተጠየቀው በተራው ቀን ተራውን እንዲወጣ ነው። ቅጣቱ ጸና።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ይህን ጉዳይ ብዙ ሰዎች ድሃን የማያክም ስግብግብ ሐኪም ታሪክ አድርገው ያወሩታል። መዝገቡን ሲያነቡት እንደዚያ አይደለም። በዚያው ምሽት ያዋለዳት ሁለተኛዋ ሴትም የራሷ ሐኪም የሌላት፣ በተራው የደረሰችው ነበረች። እሷን አላባረረም። ልዩነቱ ስጋቱ ነው። አንደኛዋ ክትትል ያላደረገች፣ ግፊቷ ሰማይ የነካ፣ ሕፃኗ ደካማ ይሆናል ተብሎ የተፈራ ነበረች። ነገሩ ቢበላሽ የሚከሰሰው እሱ ነው። በዚያ ዘመን የማሕፀን ሐኪሞች የሙያ ኢንሹራንስ ዋጋ በጣም አሻቅቦ ነበር። ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም።

ግን የሕጉ ትርጉም ያለው እዚህ ነው። ቀላሏን ታካሚ ማንም ያክማል። ተረኛ ሐኪም የሚቀመጠው ለከባዷ ነው። ስጋቱ ከሐኪሙ ላይ ሲወርድ የትም አይጠፋም፤ ከአንዲት ነርስና ከአንድ ሾፌር ጋር አምቡላንስ ውስጥ ይገባል። ያ ዝውውር በሴትዮዋ ፈንታ ለሐኪሙ ደህንነት የተደረገ ነበር። 20,000 ዶላሩ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኮንግረሱም ሕጉን እያሻሻለ ሄደ። በ1989 የልዩ ሕክምና አቅም ያላቸው ሆስፒታሎች ቦታ እያላቸው የሚላክላቸውን ታካሚ አንቀበልም እንዳይሉ ተደረገ። ሆስፒታሎች የተረኛ ሐኪሞችን ስም ዝርዝር እንዲይዙ ተገደዱ። በ1990 ደግሞ ሐኪም የሚቀጣበት መስፈርት ከ‹እያወቀ› ወደ ‹በቸልተኝነት› ወረደ። በእነዚህ ሁለት ማሻሻያዎች ያልተረጋጋ ታካሚ አልልክም ያለ ሐኪምና ጥሰት የጠቆመ ሠራተኛ በሥራው እንዳይቀጣ ጥበቃ ገባ። ቅጣቱም አደገ። ለሐኪም በእያንዳንዱ ጥሰት 25,000 የነበረው ጣሪያ ወደ 50,000 ወጣ፤ ዛሬ ከ100,000 ዶላር በላይ ነው። ለሆስፒታል ከገንዘቡ የሚከፋው ከሜዲኬር መባረር ነው። ያ ማለት መዝጋት ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ በየቀኑ እጁ ላይ አለ። ግድግዳው ላይ የመብት ማስታወቂያ ይለጠፋል። የመጣው ሁሉ በመዝገብ ይገባል። የዝውውር ወረቀት ለአምስት ዓመት ይቀመጣል። ሕጉ ተጥሶ ሳይረጋጋ የተላከ ሰው ተቀብያለሁ ብሎ የሚያምን ሆስፒታል በ72 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። ይህ የመጨረሻው በባልደረቦች መካከል ቅያሜ ያመጣል፤ ዛሬ የጠቆምከው ሆስፒታል ነገ ታካሚህን ይቀበልሃል ወይ የሚል ፍርሃት አለ።

ከሁሉ የከበደው ግን ገንዘቡ ነው። ኮንግረሱ አክሙ አለ፤ ማን እንደሚከፍል አልተናገረም። ሰነድ የሌላቸው ስደተኞች ለሚያስወጡት የድንገተኛ ወጪ ከ2005 እስከ 2008 በዓመት 250 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር። ከዚያ ቆመ። ሆስፒታሎች ጉድለቱን ከሌላው ገቢ ይሸፍናሉ። አቅም የሌላቸው የገጠር ሆስፒታሎች ማዋለጃ ክፍላቸውን ይዘጋሉ። ሕጉ ድንገተኛ ክፍል ክፈቱ አይልም፤ ካላችሁ አክሙ ነው የሚለው። ብዙ ስፔሻሊስቶችም የተረኝነት ዝርዝሩን ጥለው ወጥተዋል። ፍርድ ቤቱ ለሐኪሙ መደራደር ትችላለህ ያለው ቃል እውነት ሆኗል፦ የአጥንትና የጭንቅላት ሐኪሞች ተደራድረዋል። አንዳንድ ሆስፒታል ለተረኝነት ለብቻው ይከፍላል፤ ያልቻለው ‹ዛሬ ተረኛ የለንም› ብሎ ይልካል። ይህ በራሱ ጥሰት አይደለም። ለታካሚው ግን መንገዱ ያው መንገድ ነው። ሕጉን ከልቤ ብደግፍም ኮንግረሱ ሒሳቡን ለሆስፒታል ትቶ መሄዱን ልክ ነው ብዬ መከራከር አልችልም።

ሕጉ ከምጥም ያልፋል። በ2017 በሳውዝ ካሮላይና የሚገኘው አንሜድ ሄልዝ የአእምሮ ሕሙማንን በድንገተኛ ክፍል ለቀናት አቆይቷል፤ ተረኛ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹን ጠርቶ አላሳያቸውም ተብሎ 1.295 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተያዙት 36 ጉዳዮች ነበሩ። ሆስፒታሉ ሐኪምም አልጋም ነበረው፤ ታካሚዎቹ ግን ያገኙት መጠበቅን ነው። ዝርዝር መለጠፍና ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሰው መጥራት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የነፍሰ ጡሮች ጉዳይም አልበረደም። ከ2022 በኋላ ፅንስ ማቋረጥን የከለከሉ ግዛቶች ሐኪሞች የእናቲቱን ሕይወት ወይም አካል ለማዳን እርግዝናው መቋረጥ ሲኖርበት የትኛውን ሕግ እንደሚከተሉ ይጨነቃሉ። የአይዳሆው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በጁን 2024 ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ መለሰው። በጁን 2025 ደግሞ መንግሥት ስለዚሁ በ2022 ያወጣውን መመሪያ ሻረ። የኤምታላ ቃል ግን አልተነካም። በድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ከሁለቱ መካከል ቆሟል። በአንድ በኩል የፌዴራል ቅጣት፣ በሌላው የግዛት ወንጀል ሕግ አለ። የዲታሩ ሐኪም የፈራው የፍትሐ ብሔር ክስ ነበር። የእነዚህኞቹ እስር ነው። እዚህ ላይ ፍርሃታቸውን ከእሱ ፍርሃት ጋር አንድ አድርጌ ማየት አልችልም።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዳላስ፣ በሂውስተን፣ በሚኒሶታ ያለው ማኅበረሰባችን ይህን ሕግ ከሁለቱም ወገን ይኖርበታል። ብዙዎች ነርስ ወይም ረዳት ነርስ ሆነው ድንገተኛ ክፍል ይሠራሉ። ብዙዎች ደግሞ ልጅ ሊያዩ የመጡ፣ ኢንሹራንስ የሌላቸው እናትና አባት ቤታቸው አሉ። እማማ ደረታቸውን ሲያማቸው ‹ሂሳቡ ቤቱን ያሸጠናል› ተብሎ ሌሊቱ በሻይና በጸሎት ያልፋል። ይህ መሆን የለበትም። ድንገተኛ ክፍል ሳይመረምር ሊመልሳቸው አይችልም። ፓስፖርት ወይም ካርድ ቢጠየቅ እንኳ ምርመራው በዚያ ሊዘገይ አይገባም።

የማይሸፍነውንም ማወቅ ይበጃል። ሕጉ ሕክምናውን ነፃ አያደርግም። ቢሉ ይመጣል። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ግን በጽሑፍ የተቀመጠ የገንዘብ እርዳታ መመሪያ እንዲኖራቸው ሌላ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ቅጹን ጠይቆ መሙላት ነው። በየመንገዱ ዳር ያሉ፣ ከሆስፒታል ጋር ያልተያያዙ የ‹ኧርጀንት ኬር› ክሊኒኮች በኤምታላ አይያዙም፤ የማይከፍለውን ሰው ሊመልሱ ይችላሉ። ታካሚው አልጋ ይዞ ከተኛ በኋላም የኤምታላ ግዴታ በአብዛኛው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በሌሎች ሕጎች ነው የሚዳኘው።

ሌላ ሆስፒታል እንልክዎታለን ከተባለ አራት ነገር ይጠየቅ። ለምን፣ አደጋው ምንድን ነው፣ ማን አብሮ ይሄዳል፣ የሚቀበለው ሐኪም ማን ነው። ወረቀቱ ላይ የምክንያት ቦታው ባዶ መሆን የለበትም። እንግሊዝኛ ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ አለበት፤ አማርኛ በስልክ ይገኛል። የአሥር ዓመት ልጅን ለእናቱ የሕክምና ውሳኔ እንዲያስተረጉም ማቆም ትክክል አይደለም።

ጥሰት ደርሷል የሚል ማንኛውም ሰው ለግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። ዘመድም፣ ነርስም፣ አምቡላንስ ሾፌርም ይችላል። መርማሪ ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ መዝገቡን፣ የተረኞቹን ዝርዝርና የዝውውር ወረቀቶቹን ያያል። የተጎዳ ሰው ሆስፒታሉን በራሱ ስም መክሰስም ይችላል፤ በዚህ ሕግ ሐኪሙን በግል መክሰስ አይቻልም፤ እሱን የሚቀጣው መንግሥት ነው። የክሱ ጊዜ ጥሰቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው።